መብራት የጠፋ ዕለት ለምን ሰላም ይሆናሉ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ ነው፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን። የ10 ዓመት ወንድ፣ የ7 ዓመት ሴት እና የ3 ዓመት ወንድ ልጆች አሉኝ። እኔ ቢሮ እውላለሁ። ባለቤቴ ሥራው ኮምቦልቻ ስለሆነ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ልጆቹን የምትይዝልኝ እናቴ ናት። ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ትልልቆቹ ጠዋት መድረሳ ደርሰው 4 ሰዓት ላይ ይመለሳሉ፤ ከዚያ እስከ ማታ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ ናቸው። ትልቁ ስልኩን ስቀበለው ይጮኻል፣ ዕቃ ይወረውራል። ትንሹ ስልክ ካልተከፈተለት አይበላም። ውጪ እንዳይወጡ ዝናብና ጭቃ ነው፤ ቤት እንዳይጫወቱ ቤቱ ጠባብ ነው፤ አከራያችንም ጫጫታ አይወዱም። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሰላም የማገኘው መብራት የጠፋ ዕለት ብቻ ነው። ክረምቱን በምን ላጫውታቸው?»

ምላሽ፦

አብሽሪ እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። «ሰላም የማገኘው መብራት የጠፋ ዕለት ብቻ ነው» ያልሽው ላይ። አንቺ በምሬት የጻፍሽው ይመስለኛል፤ እኔ ግን የጥያቄሽን መልስ ያገኘሁት እዚያ ነው።

እስቲ አስቢው። መብራት ሲጠፋ ቤቱ አይሰፋም፣ ዝናቡ አያባራም፣ አዲስ መጫወቻም አይመጣም። እንዲያውም ያለው ነገር ይቀንሳል። ታዲያ ሰላሙ ከየት መጣ? ለሃያ ዓመት ያህል በመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪነትና በልጆች ሥነ ልቦና ስሠራ ይህን ጥያቄ ብዙ ወላጆችን ጠይቄያለሁ። መልሳቸው ይመሳሰላል፦ አያት ተረት ያወራሉ፤ ልጆቹ በሻማ ብርሃን ግድግዳ ላይ የእጅ ጥላ ይሠራሉ፤ የጎረቤት ልጅ ይመጣል፤ በጊዜ ይተኛሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፦ መብራት ሲጠፋ የሚለመን ሰው የለም። ማልቀስ መብራት እንደማያመጣ የ3 ዓመቱም ያውቀዋል። ስለዚህ አያለቅስም፤ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

ስልኩ ግን በልቅሶ ይመጣል። አንድ ቀን በሦስት ደቂቃ፣ ሌላ ቀን በሃያ ደቂቃ፣ እንግዳ ያለ ዕለት ደግሞ ገና አፉን ሲከፍት። አንዳንዴ የሚሰጥ፣ አንዳንዴ የሚነፈግ ነገር ልመናን እንዲዘልቅ ያደርጋል፤ ሁልጊዜ ከሚሰጠውም በላይ፣ ጭራሽ ከማይሰጠውም በላይ። ትልቁ ልጅሽ ዕቃ የሚወረውረው ባለጌ ስለሆነ አይደለም። ጩኸት የሚያዋጣ ሥራ መሆኑን ስለተማረ ነው። ያስተማርነውም እኛው ነን፤ እኔም ራሴ በቤቴ አስተምሬዋለሁ፣ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ የሚያስፈልግሽ እንደ መብራት መጥፋት ያለ ሕግ ነው፦ የታወቀ፣ በማንም ስሜት የማይቀያየር፣ ለድርድር የማይቀርብ። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ማስጀመሩ ነው የሚከብደው። ዘመናዊው ስልክ ጠዋት አንቺ ጋር ቢሮ ይሂድ። ለእናትሽ ባለ በተን ተራ ስልክ ይኑራቸው፤ ደውለው ያገኙሻል፣ ልጅ ግን አይጓጓለትም። የቴሌቪዥኑን ሪሞትና የሪሲቨሩን ገመድ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፊው። ቴሌቪዥን የሚከፈትበት ሰዓት አንድ ይሁን፤ እኔ ብሆን ከ11 እስከ 12 ሰዓት እላለሁ፣ አንቺ ከሥራ ገብተሽ እራት የምታዘጋጂበት ሰዓት ስለሆነ። ሰዓቱ ሲደርስ ማንም ሳይለምን ይከፈታል፤ ሲያልቅ ማንም ሳይቆጣ ይዘጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ ይላል። ለትንሹ ልጅሽ ያቺ አንድ ሰዓት ጣሪያ ናት፤ ካላስፈለገች ትቅር።

ሕጉን ሰኞ አትጀምሪው። አንቺና ባለቤትሽ ሁለታችሁም ቤት በምትሆኑበት ቅዳሜ ጀምሩት፤ ጦርነቱን ለእናትሽ ጥሎ መሄድ ግፍ ነው። እንደ ቅጣትም አታቅርቢው። «ከዛሬ ጀምሮ የስልክና የቴሌቪዥን ሕግ እንዲህ ነው» ብለሽ ንገሪያቸው፣ በቃ። ማብራሪያ ባበዛሽ ቁጥር ለክርክር በር ትከፍቻለሽ።

የሚሆነውን ልንገርሽ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጩኸቱ ይብሳል። ኩራዝ ጋዙ ሊያልቅ ሲል አንዴ እንደሚንቦገቦገው ማለት ነው። ብዙ እናቶች «አልሠራም» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው፤ በነሱ አልፈርድም። እኔ ልጄ የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ሦስት ቀን ችዬ በአራተኛው እንግዳ መጣብኝና «ዝም በልልኝ ብቻ» ብዬ ስልኩን ሰጠሁት። በዚያች ደቂቃ የተማረው፣ ዋጋው አራት ቀን መጮህ መሆኑን ነበር። እንደገና ስጀምር ሁለት እጥፍ ደከምኩ። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ሳምንቱን ተመልከቺ፤ ሰርግ፣ ለቅሶ ወይም እንግዳ ካለ አንድ ሳምንት አዘግዪው። የተወረወረ ዕቃ ካለ የወረወረው ያነሳል፤ የተሰበረ ካለ አብሮ ይጠግናል፤ ስድብም ምክርም አያስፈልግም።

የትንሹን የምግብ ነገር እዚሁ ላንሳው። ስልክ እያየ የሚበላ ልጅ ሲጠግብም አያውቀውም፣ ሲርበውም አይለየውም፤ አፉን ይከፍታል እንጂ አይበላም። ለብቻው ማጉረሱን አቁሙ። ከወንድሙና ከእህቱ ጋር አንድ ትሪ ላይ ይቀመጥ፣ በእጁ ይበጥብጠው፣ ይድፋው። ልጅ የሚበላው ሌላ ልጅ ሲበላ አይቶ ነው። ግማሽ ሰዓት በቂ ነው፤ ካልበላ ትሪው ይነሳል፣ እስከሚቀጥለው ምግብ ድረስ ብስኩትና ጣፋጭ ሻይ የለም፣ ውሃ ብቻ። ሦስት አራት ቀን ትንሽ ብቻ ሊበላ ይችላል፤ ጤነኛ ልጅ ራሱን አያስርብም። ድሮውንም ክብደቱ ዝቅተኛ ከሆነ ወይም እየቀነሰ ከመጣ ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይመዘን።

አሁን ወደ እናትሽ። የወላጅ ዕቅድ ሁሉ የሚፈርሰው እዚህ ቦታ ነው፤ ዕቅዱን የሚያወጣው ቢሮ የሚውለው ሰው ነው፣ የሚፈጽመው ግን ቤት የሚውለው። እናትሽ ስልኩን የሚሰጧቸው ስለማያውቁ አይደለም። ጉልበታቸው ስለማይችል፣ ሰላት ስላለባቸው፣ ቡናቸውን በእርጋታ መጠጣት ስለሚፈልጉ ነው። እሳቸውን የሚያሯሩጥ ዕቅድ ካወጣሽ በሦስተኛው ቀን ስልኩ ይመለሳል፤ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እመልሰው ነበር። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ በየትኛው ሰዓት ነው ፀጥታ የሚፈልጉት? ከምሳ በኋላ ከሆነ ያቺ ሰዓት ለሁሉም የጋደም ሰዓት ትሁን። የግድ መተኛት የለም፤ ፍራሽ ላይ መሆንና ድምፅ አለማሰማት ብቻ። በቀረው ሰዓት እሳቸው የሚችሉት ተቀምጠው የሚያደርጉትን ነው፤ እሱ ደግሞ ማንም ስልክ የማይተካው ነው። ስፌት ይችሉ ይሆናል። ስንደዶና አክርማ ከገበያ ይገዛና ልጅቷም ትልቁም ልጅ (አዎ፣ ወንዱም) ትንሽ ስፌት ይጀምሩ። ወስፌ ስለሚወጋ ትንሹ አይንካው፤ እሱ ሰንበሌጥ ይቀጥቅጥ።

አከራያችሁን በተመለከተ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፦ ቡና። ቡና የጠራውን ልጅ ጫጫታ ሰው ይችላል። ጥሪውን ልጅቷ ታድርስ፤ በር አንኳኩታ «ቡና ጠጡ ብላለች አያቴ» ማለት ለ7 ዓመት ልጅ ትልቅ ሹመት ነው። ሁለት ሳምንት አቦል ቶና ከተባባላችሁ በኋላ ገመድ ቢዘለል የሚቆጣ አይኖርም። ባይሆን እንኳ መቼ እንደሚያርፉ ትጠይቂያቸዋለሽ፣ ያንን ሰዓት ትጠብቂያለሽ።

«ውጪ እንዳይወጡ ዝናብና ጭቃ ነው» ብለሻል። እዚህ ላይ አልስማማም። በደሴ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚጠነክረው ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት ጉም ይኖራል፣ ካፊያ ይኖራል፤ ግን ከመድረሳ መልስ እስከ ምሳ ድረስ ያለው ጊዜ በአብዛኛው የውጪ ጊዜ ነው። ያንን ሰዓት ቤት ውስጥ ካሳለፉት ከሰዓት በኋላ የተጠራቀመ ጉልበታቸው ሁለት ክፍል ውስጥ ይፈነዳብሻል። ለ3 ዓመት ልጅ በቀን 3 ሰዓት ያህል መንቀሳቀስ፣ ከዚያም ውስጥ 1 ሰዓቱ ልብ እስኪመታ መሮጥ፣ ለትልልቆቹ ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመከራል። የቀን ብርሃን ለዓይንም ይጠቅማል፤ ውጪ የሚውሉ ልጆች ሩቅ ማየት የሚያቅታቸው ዕድል ቤት ከሚውሉት ያነሰ ነው።

ጭቃውን የምትፈሪው ልብስ ማጠቡ ስለሚታይሽ ነው፤ እውነትሽን ነው፣ በክረምት የታጠበ ልብስ ደሴ ላይ ሦስት ቀን አይደርቅም። መፍትሔው የጭቃ ልብስ መመደብ ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ያረጀ ሱሪ፣ አንድ ያረጀ ሹራብና አንድ የፕላስቲክ ቦት ጫማ በሩ አጠገብ ይሰቀል። ያ ልብስ አይታጠብም፤ ሲደርቅ ይራገፋል፣ ነገ ይለበሳል። ያንን ሲለብሱ «አትቆሽሽ» የሚል ቃል ከማንም አፍ አይወጣም። እኛ ከጭቃ ፈረስ፣ በሬ፣ ጀበና ሠርተን ምድጃ ዳር ስናደርቅ ያደግን ሰዎች ነን፤ ዛሬ ልጆቻችንን ጭቃ ሲነኩ እንጮህባቸዋለን። እናትሽ «ብርድ ይመታቸዋል» ይሉ ይሆናል። ጉንፋን የሚያሲዘው ቫይረስ ነው፤ በርና መስኮት ተዘግቶ ከሚያስል ሰው ጋር በአንድ ክፍል መዋል ከካፊያው ይልቅ ያስይዛል። እርጥብ ልብስ ቶሎ ይቀየር፣ እግር ይድረቅ፣ ይበቃል።

ከብርዱ ይልቅ እኔን የሚያስፈሩኝ ሌሎች ናቸው። አንደኛ፣ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት፤ ጭሱ ባይታይም መርዙ ይገድላል፣ ልጅ ደግሞ «እንቅልፍ ወሰደው» ተብሎ ይታለፋል። ሁለተኛ፣ የቦርከና ወንዝና ወደሱ የሚወርዱት ፈፋዎች፤ እዚህ ፀሐይ እያለ ላይ የዘነበ ጎርፍ ድንገት ይደርሳል። ገደላማ ዳርቻም በክረምት ይናዳል። ሦስተኛውን ሳልጽፍ ብቀር ደስ ባለኝ፤ ጦርነቱ ባለፈበት አካባቢ ስላለን ግን ለትልቁ ልጅሽ ንገሪው፦ ሜዳ ላይ ወይም በጎርፍ ታጥቦ የወጣ የማያውቀውን ብረት አይነካም፣ አይመታም፣ ወደ ቤት አያመጣም፤ ቦታውን ለትልቅ ሰው ያሳያል።

ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮው መጮህ ሲጀምር «ደበረኝ» ይመጣል። ለዚህ ቃል መልስ አትስጪ። እናትሽም አይስጡ። «በምን ላጫውታቸው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ትንሽ ቅር ያለኝ ለዚህ ነው፤ ማጫወት ያንቺ ሥራ ነው ያለሽ ማን ነው? እናቶቻችን አላጫወቱንም። «ውጡልኝ» ነበር የሚሉን። ጨዋታው የሚወለደው ከዚያ መደበር ውስጥ ነው፤ ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ይነጫነጫል፣ ከዚያ አንዱ ጠጠር ያነሳል። በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ጣልቃ ከገባሽ የዘራሽውን ነቀልሽው ማለት ነው። ያንቺ ድርሻ የሚነሳው ነገር እንዲኖር ማድረግ ነው።

ስለዚህ አንድ ካርቶን አዘጋጂ፤ ውድ ነገር አይግባበት። የለስላሳ ቆርኪ፣ የጀሪካን ክዳን፣ የተቆረጠ ሽቦ፣ ያለቀ የክር ጥቅል፣ አሮጌ ነጠላ ጫማ (ለሽቦ መኪና ጎማ ከሱ የተሻለ የለም)፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ካልሲ፣ የእንቁላል ትሪ፣ ጠመኔ። ሽቦና ቆርኪ ለትንሹ እንዳይደርስ ብቻ ይጠበቅ፤ የ3 ዓመት ልጅ አሁንም ነገር ወደ አፉ ይወስዳል። ካርቶኑ ራሱ ከውስጡ ካለው ይበልጥ እንደሚወደድ ታያለሽ፤ አንድ ቀን ሱቅ፣ አንድ ቀን ሚኒባስ ይሆናል፣ ልጅቷ ረዳት ሆና «ፒያሳ! ፒያሳ!» ትላለች።

የእንቁላል ትሪዋን ለይቼ ላንሳት። ባለ 30ው ትሪ 5 በ6 ነው፤ ሁለቱን ረድፍ ቆርጠሽ ስታወጪ 12 ጉድጓድ ያለው ገበጣ ሆነልሽ። በየጉድጓዱ አራት ጠጠር ወይም ባቄላ፣ ድምሩ 48። አጨዋወቱ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ከኔ አትውሰጂው፤ እናትሽ ወይም ከግቢው አዛውንት አንዱ የሚያውቁትን ያስተምሩ። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ በልቡ ይቆጥራል፤ ይህ ደግሞ አስተማሪዎች በክፍል ውስጥ የሚለፉበት ነገር ነው። ቅልልቦሽም (ቅልሞሽ የሚሉትም አሉ) እንዲሁ፤ አምስት ጠጠር ብቻ ይፈልጋል፣ ቦታ አይፈጅም፣ ድምፅ የለውም፣ ጣትንና ዓይንን ያስማማል። ሰኞ ማክሰኞን በጠመኔ በረንዳው ላይ ሥሩላቸው። ዳማ በቆርኪ ይሆናል። አኩኩሉ ግን ሁለት ክፍል ውስጥ አልመክርም፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ቁም ሳጥኑ ይወድቃል።

ለ10 ዓመቱ ልጅሽ ግን ጨዋታ ብቻ አይበቃውም። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚፈልገው ቁም ነገር ነው፤ «የኔ ሥራ» የሚለው። ስልኩ ላይ የሚያገኘው ደረጃ መውጣት፣ ነጥብ መቁጠር ነው። እንግዲያው የሚቆጠር ነገር ስጪው። የዝናብ መዝጋቢ አድርጊው።

ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አፉም ታቹም እኩል የሆነ ባዶ ቆርቆሮ ይፈለግ። የላዩ ስለት በፒንሳ ይታጠፍ። ከጣሪያና ከዛፍ ራቅ አድርጎ፣ እንዳይወድቅ በድንጋይ ደግፎ ያስቀምጠው። ሁልጊዜ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት፣ መድረሳ ከመሄዱ በፊት፣ ማስመሪያ አስገብቶ የውሃውን ጥልቀት በሚሊ ሜትር ያንብብ፣ ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ይድፋ። ሳምንት ሲሞላ ግራፍ ይሥራ። ከዚያ ሒሳቡን ጨምሪለት፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የግቢያችሁ ጣሪያ 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ሌሊት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር ወርዷል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል አራት ይሞላል። ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜ ከሠራ ቦርከና ለምን እንደሚሞላ ማንም ሊያስረዳው አይገባም። ቁጥሩን ለአባቱ ማታ ማታ ሪፖርት ያድርግ። ሪፖርት የሚቀበለው ሰው ከሌለ በአምስተኛው ቀን ይተወዋል።

አባትየውን ደግሞ ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ፤ ምክንያቱም በየቀኑ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ አባት ያለው ልጅ ብዙ ተማሪ የማያገኘው ላቦራቶሪ አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ቀጭን ባዶ ሃይላንድ ጠዋት ደሴ ላይ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋ። አባት ቦርሳው ውስጥ ከቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ይውረድ። ኮምቦልቻ ሲደርስ ሃይላንዱ ጎኑ ገባ ገባ ብሎ ያገኘዋል፤ ማንም ሳይጨምቀው። ደሴ ላይ የታሰረው አየር ሳሳ ያለ ነው፤ ታች ያለው አየር ከብዶ ከውጪ ይጫነዋል። ፎቶ ያንሳው። ማታ ደግሞ እዚያው ኮምቦልቻ ሌላ ሃይላንድ ከፍቶ ይዝጋና ይዞ ይምጣ፤ ደሴ ላይ ተነፋፍቶ፣ ሲከፈት «ፍስስ» ይላል። ልጁ ጠዋት ግምቱን ይጻፍ፣ ማታ ያመሳክር። አባትየው የሙቀት መለኪያ ካገኘ ደግሞ የሁለቱን ከተማ ልዩነት ይለካሉ፤ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚለወጥ አራት ዲግሪ አካባቢ ቢያገኙ አይግረማቸው። አባቶች ልጅ ማጫወት አይሆንላቸውም ይባላል፤ እኔ ያየሁት፣ ማታ ደክሞት ለገባ ሰው «ተጫወት» ከምትይው «ይህን ይዘህ ና» ብትይው ይሻላል።

ሥራም ጨዋታ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ምስር ትለቅማለች፣ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ረከቦት ላይ ሲኒ ትደረድራለች፤ የ10 ዓመቱ ሱቅ ሄዶ መልስ ቆጥሮ ይመጣል፣ ሹሮ ማማሰል ይችላል። የ3 ዓመቱ ካልሲ ከካልሲ ያጣምራል፣ የፈሰሰ ውሃ ይወለውላል፤ ይበልጥ ያፈስሰዋል፣ ግን ግማሽ ሰዓት ይጠመዳል። ሥራው እውነተኛ ይሁን ብቻ። እናትሽ ከኋላ ሄደው እንደገና የሚለቅሙት ምስር ከሆነ ልጅቷ ታውቃለች።

ማታ ማታ መብራት ቢኖርም በሳምንት ሁለት ቀን አጥፊው። ጠፍቷል በቃ። እናትሽ «ተረት ተረት» ይበሉ፣ ልጆቹ «የላም በረት» ይመልሱ። ሦስቱም እኩል የሚሳተፉበት ግን እንቆቅልህ ነው፤ «ሀገር ስጠኝ» እየተባባሉ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ባቲን ሲሰጣጡ ጂኦግራፊም ያጠናሉ። የታወቁት ሲያልቁ ራሳቸው ይፍጠሩ። አንዲት የማስተምራት ልጅ «ጠዋት ጦሳን ውጦ ረፋድ ላይ የሚተፋው» ብላ ጠይቃኝ ሀገር ሰጥቼአታለሁ። ጦሳ ከደሴ በላይ ያለው ተራራ ነው፤ መልሱ ጉም ነበር። ትልቁ ልጅ የአያቱን ተረት ደብተር ላይ ይጻፍ፤ አያት ነገ የሉም ለማለት ሳይሆን፣ ክረምት የእጅ ጽሑፍ የሚበላሽበት ወቅት ስለሆነ ነው።

የከተማዋን ታሪክም ከተረት ጋር ቀላቅይላቸው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሠፍረው ሳለ ጭራ ያለው ኮከብ አይተው ቦታውን «ደስዬ» አሉት ይባላል፤ በ1882 እ.ኤ.አ. በቀን ሳይቀር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ እንደነበር ደግሞ የሥነ ፈለክ መዛግብት ያውቁታል። ዝናቡ ባረፈ አንድ ቅዳሜ አይጠየፍን አሳያቸው፤ የንጉሥ ሚካኤል ግብር ቤት ነው፣ ስሙም እንግዳውን ሁሉ እኩል የሚቀበል፣ ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው። ትልቁ ልጅ አዳራሹን በእርምጃ ይለካ። ወደ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አንድ ቀን ከተመቻችሁ ሂዱ፤ ካልተመቻችሁም ልጆቹ ምንም አይቀርባቸውም።

ነሐሴ ሲገባ ግማሹ ሸክምሽ በራሱ ይቀልልሻል። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ከሳምንታት በፊት ጅራፍ መግመድና ግጥም መደርደር ይጀመራል። እኛ ልጆች ሳለን ሆያ ሆዬ ስንል ከመካከላችን ማን መስጊድ፣ ማን ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ የቆጠረ አልነበረም፤ ሙልሙሉን እኩል ነው የበላነው። የግቢው ልጆች ሲለማመዱ የአንቺም ይቁሙ፤ ልትከለክያቸው ብትፈልጊ ደግሞ የቤትሽ ጉዳይ ነው። ለመስከረም 1 የሚታደለው የአበባ ሥዕልም የዝናብ ቀን ሥራ ነው፦ አንድ እሽግ ወረቀት፣ አንድ ፓኬት ከለር፣ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ በቀን ሁለት ሥዕል። ልጅቷ ለጎረቤት ስታድል ያገኘችው ሳንቲም የራሷ ይሁን።

የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ላስገባቸው ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ሌሎች ስለሚጠይቁ ግን አጭር መልስ፦ መድረሳ እየሄዱ ነው፣ ይበቃቸዋል። ልጅ በዓመት ሁለት ወር ማንም የማያርመው ጊዜ ያስፈልገዋል። «ትምህርታዊ» ተብሎ ታብሌት መግዛትም አያስፈልግም፤ ያ ገንዘብ ቦት ጫማ ይገዛ።

አንድ ነገር ግን ከጨዋታ ውጪ ተመልከቺ። ትንሹ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? ሁለት ሦስት ቃል አጣምሮ ይናገራል? የሚፈልገውን በጣቱ ያሳይሻል? በ3 ዓመቱ እነዚህ ከሌሉ ስልኩን በመከልከል ብቻ አትጠብቂ፤ የሕፃናት ሐኪም ይየውና ጆሮውም ይመርመር። ትልቁ ደግሞ ከጦርነቱ ወራት ጀምሮ የሚባንን፣ አልጋ ላይ የሚሸና፣ በድምፅ የሚደነግጥ ከሆነ ስልኩ ለሱ መደበቂያው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስልኩን ከመንጠቅ በፊት ከባለሙያ ጋር እንነጋገራለን፤ ሕጉን በዚያ ልጅ ላይ ቀስ አድርገን ነው የምናስገባው።

የመጨረሻው ስላንቺ ነው። ከ11 እስከ 12 ሰዓት ከሚለው ሕግ አንቺም አትወጪም። ከ12 ሰዓት እስኪተኙ ድረስ ያንቺም የባለቤትሽም ስልክ ቁም ሳጥን ውስጥ ይግባ። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ብቻ ነው መብራቱ የእውነት እንደጠፋ የሚያምኑት።

ሃይላንዱን ግን እስከ ቅዳሜ አታቆይው። ዛሬ ማታ ለባለቤትሽ ንገሪው፤ ነገ ጠዋት ክዳኑን አጥብቆ የሚዘጋው ልጁ ይሁን።